ዳሽቦርዱ ምን እያለን ነው?

በቤት ኅብረታችን «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ተብሎ ሲጠየቅ መኪና ሳይነሳ የሚያልፍ ሳምንት የለም። የምንሰበሰበው ሀይሌ ጋርመንት ነው፤ ከአደባባዩ ብዙም ሳንርቅ፣ ረቡዕ ማታ፣ አሥራ አራት አሥራ አምስት ሆነን። ከመካከላችን ሦስቱ በመንዳት እንጀራቸውን የሚበሉ ናቸው። አንዱ በስልክ እየተጠራ ሰው ያደርሳል፤ አንዱ ሚኒባስ ይዞ ከጋርመንት ጀሞ ይመላለሳል፤ ሦስተኛው ከመቂና ከባቱ ቲማቲምና ሽንኩርት ጭኖ ሌሊት ሌሊት ወደ ሰፈራችን ይገባል። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ተነስቶ ጃንሜዳ ካረፈ በኋላ በ2013 ወደ እኛ ሰፈር ከመጣ ወዲህ፣ የጭነት መኪና ድምፅ ሳይሰማ የሚተኛ ቤተሰብ በመካከላችን የለም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ርዕሶቹ እንዲህ ናቸው፤ «ሞተሩ እየሞቀብኝ ነው»፣ «ፍሬኑ ይጮሃል»፣ «አንድ መብራት በርቶ አልጠፋ ብሎኛል»። አልፎ አልፎም «ጠላት መኪናዬን እየተዋጋ ነው» የሚል ይመጣል። ስለ መኪና መጸለይን ማናችንም አንቃወምም። ነገር ግን ኅብረታችን ውስጥ መካኒክ ወንድም አለን፤ እሱ ይህቺን የመጨረሻዋን ርዕስ ሲሰማ ፊቱን ያጨማድዳል። ዘይቱ ሳይቀየር 12 ሺህ ኪሎ ሜትር በሮጠ ሞተር ላይ ሰይጣንን መገሠጽ፣ ሰይጣን ያልሠራውን ሥራ በስሙ መመዝገብ ነው ይላል። መጀመሪያ ሊቤሎውን መዝዛችሁ ዘይቱን እዩ፤ ከዚያ እንጸልያለን።

በዚህ ምክንያት ከጥናታችን በኋላ ሁለት ረቡዕ ለእሱ ሰጠነው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚበሩት ነገሮች ምን እንደሚሉ አስተማረን። ከዚያ ውስጥ ለእናንተም ይጠቅማል ያልነውን፣ በተለይም ካስተማረን በኋላ ከደረሰው ጋር፣ እናካፍላችሁ።

የጀመረው ከቀለም ነው። ቀይ፣ አሁን ቁም ማለት ነው። ቢጫ፣ መሄድ ትችላለህ፤ ግን በቅርቡ አሳየኝ ማለት ነው። አረንጓዴና ሰማያዊ ደግሞ አንድ ነገር በርቶ እየሠራ መሆኑን ብቻ ይነግራሉ፤ ረጅሙ መብራትህ እንደበራ ወይም ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ። የሥዕሎቹም ቅርጽ እያንዳንዱ ፋብሪካ እንዳሻው የሚሥለው አይደለም። አይሶ 2575 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ ስለዚህ ቶዮታም ላይ ሆነ ፊያት ላይ የምታዩት ሥዕል አንድ ነው። ሥዕል የሆነበት ምክንያትም ደስ ይላል። ሥዕል ቋንቋ የለውም። ጃፓንኛ የማያውቅ ያነበዋል፤ ፊደል ያልቆጠረ ሹፌርም ያነበዋል።

ያነበዋል ስንል ግን ቅርጹን ያያል ማለታችን ነው። ትርጉሙ ላይ ብዙ ሰው ይስታል።

ጫፏ ላይ ጠብታ ያላትን፣ ጀበና የምትመስለውን ቀይ መብራት እንውሰድ። «ዘይት ቀንሷል» ብለን ነው የምንተረጉማት። እሷ የምትለው ግን የዘይቱ ግፊት ወድቋል ነው። ልዩነቱ ቃል መሰንጠቅ አይደለም። ሞተር ውስጥ በደቂቃ ሺህ ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሽከረከረው ብረት ኩሽኔታው ላይ በቀጥታ አይቀመጥም፤ በመካከላቸው በግፊት የተገፋ ቀጭን የዘይት ሽፋን አለ፤ ብረቱ በእሱ ላይ ተንሳፎ ነው የሚዞረው። ግፊቱ ሲወድቅ ሽፋኑ ይጠፋል፤ ብረት ብረትን ይነካል። ከዚያ በኋላ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። ሞተሩ ይነክስና ጉዳዩ የዘይት መሆኑ ቀርቶ የሙሉ ሞተር ይሆናል። «ጠዋት ጋራዥ አደርሳታለሁ» የቢጫ ቋንቋ ነው። ለዚህች መብራት የሚሆነው ዳር መያዝ፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ ሜዳ ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቆ ሊቤሎውን ማየት ነው። ዘይቱ ልክ ሆኖ መብራቷ ካልጠፋችስ? ያኔም አትነዳም። ፓምፑ ሊሆን ይችላል፤ ሴንሰሩም ተበላሽቶ በውሸት እያበራት ሊሆን ይችላል። ሴንሰሩ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ግን በመለኪያ የሚረጋገጥ እንጂ በተስፋ የሚወሰን አይደለም።

የባትሪ ሥዕል ያለባትም ቀይ መብራት እንዲሁ ትታማለች። ስትበራ ሄደው አዲስ ባትሪ የሚገዙ አሉ። እሷ የምትለው ባትሪው እየተሞላ አይደለም ነው፤ ዲናሞው ወይም እሱን የሚያዞረው ቺንጋ ችግር አለበት። መኪናው አሁን የሚሄደው ቀድሞ በተጠራቀመው ነው፤ እስኪያልቅ ድረስ መብራቱም ሙዚቃውም እንደ ወትሮው ይሠራል፤ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ይሞታል። ይህ ሲነገር የሕፃናት አገልጋይ የሆነች እህታችን ሳቀችና «ይሄ እኮ የመኪና ሳይሆን የአገልጋይ መብራት ነው» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ቶሎ ነበር ያለቀው።

የሙቀቷን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተር ውስጥ ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ በግፊት አፍኖ ስለያዘው ነው። ሞተሩ እንደሞቀ ክዳኑን የሚከፍት ሰው ያንን ግፊት ነው የሚለቀው፤ ውኃው በቅጽበት ፈልቶ ፊቱ ላይ ይወጣል። እስኪበርድ ጠብቁ።

ፍሬንም ላይ እንዲሁ አንድ ብልጠት አለ። የፍሬን ሸራው እያለቀ ሲሄድ የፍሬኑ ዘይት በዕቃው ውስጥ ዝቅ ይላል፤ ዝቅ ሲል ቀዩ መብራት ይበራል። ዘይቱን ብትሞሉት መብራቱ ይጠፋል። ሸራው ግን ያው እንዳለቀ ነው። መካኒካችን ይህንን ሲነግረን ሚኒባስ ነጂው ወንድማችን ዝም ብሎ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ሄዶ ሸራ ቀየረ።

አሁን ወደ ቲማቲሙ እንምጣ።

ያ ሌሊት የሚነዳው ወንድማችን መኪናው የራሱ አይደለም። የሚከፈለው በምልልስ ነው። ከሁለተኛው ረቡዕ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ከመቂ ቲማቲም በሳጥን ጭኖ ሲመጣ፣ ከሞጆ ወዲህ ዳገቱን ሲይዝ ጀበናዋ ብልጭ ድርግም አለች። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ብልጭታው ቀርቶ በርታ ቀረች። ዳር ያዘ፤ ሞተሩን አጠፋ። ረዳቱ ከታች በስልክ መብራት ሲያይ ዘይት በማጣሪያው ዙሪያ እየወረደ ነው። ሊቤሎው ጫፉን እንኳ አልነካም። አንድ ሊትር ይዘው ነበር፤ ጨመሩት፤ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ አስነስቶ ሲያይ መብራቷ እንዳለች ናት። አጠፋና ለባለቤቱ ደወለ።

ባለቤቱ ከእንቅልፉ ተነስቶ ያለው እንዲህ ነው፤ «ያቺ አምፖል ሁሌም ትበራለች። ዝም ብለህ ቀስ እያልክ ና።»

ሰውየውን ክፉ አድርገን ልንሥልላችሁ አንፈልግም። አትክልት ንጋት ላይ ካልደረሰ ዋጋው ይወድቃል፤ ረፋድ ላይ የሚገባ ቲማቲም የሚሸጠው ገዥው በሰጠው ነው። መኪናውም የባንክ ዕዳ ሊኖርበት ይችላል። ነገር ግን አልጋው ላይ ሆኖ ስለ መብራቷ ያወራ ነበር እንጂ መብራቷን አላያትም። ያያት ወንድማችን ነው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አላስነሳም» አለው። ረዳቱ ጭነቱ ላይ ተኛ። ጠዋት ሌላ መኪና መጥቶ ሳጥኖቹ ተገለበጡ፤ ጋርመንት የደረሱት ረፋድ ላይ ነው። የማጣሪያው ማሸጊያ ጎማ ለቆ ኖሯል፤ ጎማውም ዘይቱም ተቀይሮ ሞተሩ ዛሬም ይሠራል። ወንድማችን ግን የቲማቲሙ ኪሳራ ከደመወዙ ተቆረጠበት፤ በሳምንቱ ቁልፉን እንዲያስረክብ ተነገረው።

ይህንን ረቡዕ ማታ ሲያወራልን አንዱ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ገለጠ። የምታውቁት ታሪክ ነው፤ ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም የተጓዘበት። መርከቢቱ የእስክንድርያ ናት፤ ስንዴ ጭናለች፤ 276 ሰው ተሳፍሯል። ጳውሎስ ጉዞው አደጋ እንዳለበት ተናገረ፤ የመቶ አለቃው ግን ከእሱ ይልቅ የመርከቡን መሪና የመርከቡን ባለቤት አመነ። ሰው ማመን ያለበት ዕቃው የማን እንደሆነ አይቶ ይመስለዋልና። በመጨረሻ ስንዴውንም ወደ ባሕር ጣሉት፤ መርከቢቱም ተሰበረች፤ ሰው ግን አልጠፋም። እኛን ያቆመን አንድ ልዩነት ነው። ጳውሎስ ታስሮ ስለነበር መርከቢቱን ማስቆም አይችልም ነበር፤ መናገር ብቻ ነበር የሚችለው። ወንድማችን ቁልፉ በእጁ ነበር። ቁልፍ በእጁ ያለ ድሃ ሰው ላይ የሚወድቀው ነገር ለየት ያለ ነው፤ ቢነዳ ሞተሩ በስሙ ይነክሳል፤ ባይነዳ ቲማቲሙ በስሙ ይበሰብሳል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ቀይ ነው። ቢጫው ሌላ ጠባይ አለው። ቀይ ያስደነግጣል፤ ቢጫ ይለመዳል።

በስልክ እየተጠራ የሚሠራው ወንድማችን መኪና ላይ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት፣ ቼክ ኢንጅን የምትባለው፣ አራት ወር በርታ ኖራለች። መኪናው የሰው ነው፤ ለባለቤቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገንዘብ ያስገባል፤ አንድ ቀን ጋራዥ መዋል ማለት የአንድ ቀን ገቢ ከኪሱ መክፈል ነው። ስለዚህ አራት ወር አብረው ኖሩ። አንድ ቦታ ሄዶ ሲጠይቅ ኮምፒውተር ሰኩና በሁለት ደቂቃ አጠፉለት። እጅግ ደስ ብሎት መጣ። መካኒካችን ግን «መብራቱ ጠፋ እንጂ ጥፋቱ አልጠፋም» አለው፤ እንዳለውም ከአምስት ቀን በኋላ ተመለሰች።

ለምን እንደምትመለስ ማወቅ ይጠቅማል። ከመሪው በታች ባለ 16 ቀዳዳ መሰኪያ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ትንንሽ መኪኖች በሙሉ ይህ ሥርዓት እንዲኖራቸው ግዴታ ሆነ፤ ሌላውም ዓለም ተከተለ። መኪናው የራሱን ጭስና አቀጣጠል እየመረመረ ያልጣመውን ነገር በአንድ ፊደልና በአራት ቁጥር ይመዘግባል። ለምሳሌ ፒ0301 ሲል አንደኛው ሲሊንደር በትክክል እየተቀጣጠለ አይደለም ማለቱ ነው። ኮዱን ሲያጠፉት መዝገቡ ይጸዳል፤ መኪናው ጥቂት ቀን ሲነዳ ምርመራውን እንደገና ያካሂዳል፤ ያው ችግር ስላለ ያው ኮድ ይጻፋል። ኮዱም ቢሆን የታመመበትን ቦታ እንጂ በሽታውን አይናገርም። ፒ0301 ካንዴላ ሊሆን ይችላል፤ ኮይል ሊሆን ይችላል፤ ቤንዚን የሚረጨው ሊሆን ይችላል። ጥሩ መካኒክ ዕቃ ከማስገዛቱ በፊት የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር ያቀያይርና ኮዱ ተከትሎ ይሄድ እንደሆነ ያያል። «ኮምፒውተሩ ግዛ ብሏል» የሚላችሁን ተጠንቀቁት፤ ኮምፒውተር ግዛ አይልም። ደግሞም ይህቺ ቢጫ መብራት መብራቷን ትታ ብልጭ ድርግም ካለች ጠባይዋ ወደ ቀይ ተጠግቷል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው እየሄደ የጭስ ማጣሪያውን እያቃጠለው ነውና ፍጥነት ቀንሶ ቶሎ መቆም ነው።

ኮድ ስለ ማጥፋት ስናወራ ንጉሥ ኢዮአቄም ትዝ አለን። ኤርምያስ 36 ላይ፣ ዘጠነኛው ወር ነው፤ ንጉሡ በክረምት ቤቱ እሳት እየሞቀ ተቀምጧል። የኤርምያስ ጥቅልል ይነበብለታል። ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በቢላዋ እየቆረጠ ወደ ምድጃው ይጥለዋል። ሦስት ሹማምንት አታቃጥለው ብለው ለመኑት፤ አልሰማም። ጥቅልሉ አለቀ፤ ክፍሉ ሞቀ። ከዚያ ባሮክ ተቀምጦ ያንኑ ሁሉ እንደገና ጻፈው፤ ብዙም ተጨመረበት። መካኒካችን ይህንን ሲሰማ «አያችሁ፣ ተጨማሪ ኮድ ይዞ ነው የተመለሰው» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በኅብረታችን ኮድ የሚያጠፋ ሰው ኢዮአቄም ይባላል።

ግን ቢጫ ሁሉ ቀይ እንዲመስላችሁም አንፈልግም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የጎማ አየር መብራት የሚበራላችሁ አላችሁ። አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ሌሊቱ ስለቀዘቀዘ ብቻ ሊበራ ይችላል። አየሩን አስለክታችሁ አስሞሉ፤ አለቀ። በየቀኑ እየበራ የሚያስቸግር ከሆነ ሚስማር አለ። እንደ መኪናው ሁሉ አንዳንድ አማኞችም በየቀዝቃዛው ጠዋት ቀይ እንደበራባቸው ሆነው የሚነሱ አሉ፤ የጎደላቸው ግን እንቅልፍ ነው። ለእነሱ ስብከት ሳይሆን ቅዳሜን ማረፍ ነው የሚታዘዘው።

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ለምታስቡ አንድ ነገር። ከአደባባዩ አካባቢ ጀምሮ መኪና የሚያሳዩ ደላሎች ሞልተዋል፤ ብዙዎቹም ጨዋ ናቸው። መኪናውን ስታዩ ዳሽቦርዱ ንጹሕ መሆኑ አያስደስታችሁ። ቁልፉን አዙራችሁ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁሙ። በዚያን ጊዜ መብራቶቹ በሙሉ መብራት አለባቸው፤ ጀበናዋም፣ ባትሪዋም፣ ቼክ ኢንጅንም፣ የኤርባጉም። መኪናው አምፖሎቼ ይሠራሉ እያላችሁ ነው። ሞተሩ ሲነሳ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። በዚህ ሰዓት ጨርሶ ያልበራ መብራት ካለ፣ አምፖሉ ወይ ተቃጥሏል ወይ ተነቅሏል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መኪና ከሆነ ደግሞ የኤርባጉን መብራት አስተውሉ፤ ዳሽቦርዱ ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ የተገጠመ ነውና። በርቶ የቀረ መብራት ያለበት መኪና ቢያንስ እውነቱን እየነገራችሁ ነው። ያስፈራን ጨርሶ የማይበራው ነው።

ቦሎ ሊታደስ ሲቃረብ ስንት መብራት እንደሚጠፋ ማንሳት አንፈልግም።

አሁን ደግሞ አዲስ ነገር መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካሳወቀ ወዲህ ሰፈራችን በኤሌክትሪክ መኪና ተሞላ። ከቻይና የሚመጡት ቢዋይዲና ቮልስዋገን አይዲ 4 ከጋርመንት ለቡ ባለው መንገድ ላይ በየደቂቃው ያልፋሉ። ብዙዎቹ የተሠሩት ለቻይና ገበያ ስለሆነ የሚናገሩት ቻይንኛ ነው። ከእኛም አንድ ባልና ሚስት እንዲህ ያለች መኪና ገዙ። ሥዕሎቹ እንደ ድሮው አሉ፤ ዋናውን ነገር ግን ስክሪኑ በዓረፍተ ነገር ነው የሚናገረው። ዓረፍተ ነገር ደግሞ እንደ ሥዕል አይደለም፤ ቋንቋ አለው። መኪናው ዘመናዊ ሲሆን ፊደል ያልቆጠረው ሹፌር የሚያነበው ነገር ዶክተሩም የማያነበው ሆነ። ይህ እኛን ይገርመናል።

እህታችን ልጆች ከትምህርት ቤት ይዛ ስትመለስ ስክሪኑ ላይ ረዘም ያለ ቢጫ ጽሑፍ መጣ። ዳር ይዛ ቆመችና ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልን። አንዱ «ንጉሥ ብልጣሶር ቤት ግድግዳው ላይ ጻፈ፤ ዳንኤልን ፈልጉ» ብሎ መለሰ። ዳንኤል ተገኘ፤ ከመዘምራኑ አንዱ ቻይና ተምሮ የተመለሰ ነው። የኋላ ቀኝ ጎማ አየር ቀንሷል የሚል ነበር። ማንበብ የማይቻል ነገር ሲመጣ መቆሟ ልክ ነበር፤ ያንን ሁሉም ተስማማበት።

ይህ ወጣት ከዚያ በኋላ ቃላቱን በአማርኛ ፊደል ጽፎ፣ ከጎኑ የቻይንኛውን ቅርጽ ሥሎ ሰጣት፤ አሁን ከመሪው ጎን ባለው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ጥቂቱን እነሆ። ጉ ጃንግ ብልሽት ነው። ታይ ያ የጎማ አየር ግፊት ነው። ዲየን የሚለው ካለ ስለ ኤሌክትሪክ ወይም ስለ ባትሪ ነው የሚያወራው። ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት ቲንግ ቼ ነው፤ መኪናውን አቁም። ከፊቱ ብዙ ጊዜ ቺንግ የምትል ቃል አለች። ምንድን ናት ስንለው «እባክህ» ማለት ናት አለን። ሞተር ሊቃጠል ሲል እንኳ እባክህ የሚል መኪና መሆኑ አስቆን ነበር። በኋላ ግን ዝም ብለን አሰብነው። ማስቆም የማይችል ሲለምን እንዲህ ነው የሚለምነው።

ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሦስት ነገር እንጨምርና እንለፍ። ዔሊ የመሰለች ሥዕል ከመጣች መኪናው ጉልበቱን ራሱ ቀንሷል፤ አውራ ጎዳና ላይ አትውጡ። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው አልነቃ ካለ ብዙ ጊዜ የሞተው ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ናት፤ የኤሌክትሪክ መኪናም ያቺ አለችው። ኮፈኑ ሥር የምታዩአቸው ብርቱካናማ ገመዶች ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሄድባቸው ናቸውና፣ የሰፈር ባለሙያ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ካልሠለጠነበት አይንካቸው።

ወደ ጭነት መኪናው ሹፌር እንመለስ፤ ነገሩ እኛ ጋ ገና አላለቀምና።

ቁልፉን ካስረከበ በኋላ በነበረው ረቡዕ ጸለይንለት። ከጸሎቱ በኋላ ግን ማንም አልተነሳም። ሚስቱ ከመካከላችን ተቀምጣለች፤ ሁለተኛ ልጃቸውን ካረገዘች ስድስት ወሯ ነው። «እውነተኛ ሆነሃል፣ ጌታ ያይሃል» ብሎ መሸኘት ለማናችንም አልዋጥ አለን። ሁለቱን ረቡዕ ቁም ያስተማርነው እኛ ነን፤ የቆመው ደግሞ ልክ ነበር፤ የመቆሙን ዋጋ ግን ብቻውን እየከፈለ ነው። ሹፌር መብራት የማያነበው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ያውቃል፤ መቆም የሚችልበት ገንዘብ ነው የሌለው።

ከመካከላችን በዕድሜ ታላቅ የሆኑት እናታችን እቁብ የመሰለ ነገር አነሱ፤ በወር 200 ብር። ከሰፈሩ በቀይ መብራት ምክንያት የቆመ ሹፌር፣ ከእኛ ኅብረት ቢሆን ባይሆን፣ የዚያን ቀን ገቢው ከዚህ ይተካለታል። ስሙንም የመቆሚያ ገንዘብ አሉት። እስካሁን 4,600 ብር ገብቷል፤ የመጀመሪያው የወጣው ለወንድማችን ነው። ወዲያው ግን ክርክር ተነሳ። መብራቱ ቀይ መሆኑን በምን እናውቃለን? መካኒካችን ዳሽቦርዱን ፎቶ ያንሳ አለ። እናታችን ደግሞ ለተራበ ሰው ዳቦ ስንሰጥ የሆዱን ፎቶ አንጠይቅም አሉ። ሚኒባስ ነጂው ከመካኒኩ ጋር ሆነ፤ «እኛን ሹፌሮችን አታውቁንም» ብሎ አሳቀን።

ወንድማችን ከሁለት ሳምንት ወዲህ በሌላ ሰው መኪና በሳምንት ሁለት ሌሊት መንዳት ጀምሯል። ባለፈው ረቡዕ የእሱም 200 ብር ገባ። የፎቶው ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተወሰነም።